የአደጋ ጊዜ ቦርሳዬ አሳፈረኝ፤ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር ሌሊት የጣለው ዝናብና ነፋስ ሁለት ቀን ሙሉ መብራትም ውሃም አሳጣን። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ራሴን እንደ ተዘጋጀ ሰው ነበር የምቆጥረው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ «የአደጋ ጊዜ» ብዬ የጻፍኩበት ቦርሳ አለኝ። በሻማ ብርሃን ስከፍተው የባትሪው ድንጋዮች ፈስሰው ውስጡን በልተውታል። የታሸገ ምግብ አለ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ የለም። ስልኬ 11 በመቶ ላይ ነበር። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች ኢንሱሊን ትወስዳለች። ቦታውም ገንዘቡም ጠባብ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሟላት አልችልም። ከምን ልጀምር? የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣስ ከፎቅ እንዴት ቶሎ እንወርዳለን?

መልስ፦ ጄሪካን ተሸካሚው

ከውሃ ይጀምሩ። ምግብ ቢጎድል ሰው እየተነጫነጨም ቢሆን ይሰነብታል፤ ውሃ ሲጎድል ግን ሁለተኛው ቀን አይገፋም። ለመጠጥና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል፣ ቢያንስ ለ3 ቀን የሚበቃ ይያዙ። ለአምስት ሰው 60 ሊትር፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። ግን ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በጨለማ ደረጃ ላይ ይዞ መውጣቱን ያስቡት። እኔ ባለ 5 ሊትሩን እመርጣለሁ፣ አልጋ ሥርም ይገባል። የወተት ዕቃ አይጠቀሙ፤ ቢታጠብም ቅሪቱ ጨርሶ ስለማይለቅ ተሕዋስያን ያራባል። ክዳኑ ላይ ቀን ይጻፉና በየ6 ወሩ ውሃውን ይለውጡ።

የሚያጠራጥር ውሃ ሲያጋጥም ማፍላት ይሻላል፦ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ለሚበልጥ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ። ማፍላት ካልተቻለ ሽታ ያልተጨመረበትና ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ድፍርስ ከሆነ አስቀድመው በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት፣ ጠብታውንም እጥፍ ያድርጉት። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነካውን ውሃ ግን እሳትም በረኪናም አያድነውም።

መልስ፦ ጡረተኛዋ ነርስ

እኔ ስለ እናትሽ ብቻ ልናገር፣ ልጄ። መብራት ስለጠፋ ኢንሱሊኑ ወዲያው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 28 ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቆያል፤ የእርሷን ልክ የሚነግርሽ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። የባሰው ጠላቱ በረዶ ነው። በሥራ ዘመኔ «እንዳይበላሽ» ብለው በረዶ ላይ አስተኝተው የሚያመጡ ነበሩ፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይወጋም። መርፌውን፣ የስኳር መለኪያውን ትርፍ ባትሪና ስኳሯ ሲወርድ የምትቀምሰውን ጣፋጭ አንድ ቦታ አስቀምጪ። የመድኃኒቶቿን ስምና መጠን በወረቀት ጻፊ፤ ስልክ ላይ ያለው ዝርዝር ከስልኩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

መልስ፦ ብርድ ፈሪው

እኛ መብራት በጠፋብን ጊዜ ከሰል አቀጣጥለን ሳሎን አስገባንና መስኮቱን ገርበብ አድርገን ሌሊቱን ሞቆን አደርን። ወጪም የለውም።

መልስ፦ ጡረተኛዋ ነርስ

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፋችሁ፤ ሁለተኛ ግን እንዳትሞክሩት። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለዋል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ይሞታል። ገርበብ ያለ መስኮት አይበቃም። ጄኔሬተርም ቢሆን ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ለብርዱ ልብስ ደርቡና አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብሰቡ።

መልስ፦ ደረጃ አልወርድም

መሬቱ እየተንቀጠቀጠ አይውረዱ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲሮጥ፣ ደረጃ ላይ ሲወድቅ፣ ከላይ የሚወርድ ዕቃ ሲመታው ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡና እግሩን አጥብቀው ይያዙ። አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው ሆነው ራስዎን በትራስ ይሸፍኑ። ሲቆም በደረጃ እንጂ በአሳንሰር አይወረድም። ጋዝ ከሸተተ ክብሪት አይጫር፣ የመብራት ማብሪያም አይነካ፤ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ።

አሁኑኑ የሚሠራው ግን ሌላ ነው፦ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጋር ማሰር፣ ከአልጋ ራስጌ በላይ የተሰቀለ መስታወት ካለ ማንሳት፣ በየአልጋው ሥር ጫማና የእጅ ባትሪ ማስቀመጥ። በሌሊት መንቀጥቀጥ ብዙ እግር የሚቆርጠው የተሰበረ መስታወት ነው። እሳት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከጭሱ በታች አጎንብሶ ቶሎ መውጣት፣ ለምንም ነገር ተመልሶ አለመግባት። ጎርፍ ላይ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ «እሻገረዋለሁ» አይባልም።

መልስ፦ የቅዳሜ ልምምድ

ገና ምንም ሳትገዙ አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ዋናውን የመብራት ማጥፊያ አውርዱና 3 ሰዓት ቆዩ። የጎደለው ራሱ ይናገራል፤ ግዢውን ከዚያ ጀምሩ። የባትሪውን ድንጋዮች አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፣ በእርስዎ ባትሪ እንደሆነው እንዳይፈስሱ። ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ምረጡና ሁላችሁም ለእርሱ መልእክት ላኩ፤ መስመር ሲጨናነቅ ጥሪ እምቢ ቢልም አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ልጆቹ ቁጥሩን በቃላቸው ይያዙ።

ጠያቂዋ

ተባረኩ። ልምምዱን ትናንት አደረግነው። ዋናው ማጥፊያ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሆኖ ባለቤቴ ሩብ ሰዓት ዕቃ ሲገፋ ነበር። ለትንሹ ልጄ አልጋ ሥር ያኖርኩት ጫማ ጠቦታል። እናቴ ግን ከሁላችንም ቀድማ መድኃኒቷን በዳበሳ አገኘችው፤ ለካ ሁልጊዜም አንድ ቦታ ነው የምታስቀምጠው። ዛሬ ስድስት ባለ 5 ሊትር ዕቃ ሞላሁ፣ የቀሩትን ስድስት በሚቀጥለው ወር እጨምራለሁ። የቆርቆሮ መክፈቻውንም ገዝቼ ከቦርሳው ማንገቻ ጋር በክር አሰርኩት።