የጤና ኢንሹራንስ ስላልነበረኝ ታክስ ላይ ቅጣት መጣብኝ፤ የዋሽንግተን ዲሲ ልጆች እስቲ አስረዱኝ

የሌሊት ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኡበር ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ወደ ዲሲ ገባሁ። ኢንሹራንሴ ከዚያ በፊት ተቋርጦ ነበር፤ ጤነኛ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። የ2025 ታክስ ላሠራ ስሄድ ሰውየው "ኢንሹራንስ ነበረህ?" አለኝ። አልነበረኝም ስለው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ከሚመለስልኝ ታክስ ላይ የ12 ወር ቅጣት ተቀንሷል። ቅጣቱ ቀርቷል ሲባል አልነበር እንዴ? ከመንግሥት ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) አልወሰድኩ፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ ሜዲኬይድም አልወሰድኩ። ማንን አስቸግሬ ነው የምቀጣው?

ታክስ ሠሪዋ፦
ወንድሜ፣ የቀረው የፌደራሉ ነው። በኦባማኬር፣ ኦባማ ባወጣው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ፣ ከ2016 እስከ 2018 ለአንድ አዋቂ 695 ዶላር፣ ወይም ከተወሰነ መጠን በላይ ካለው ገቢ 2.5 በመቶ፣ የሚበልጠው ይከፈል ነበር። በ2017 የወጣው የታክስ ሕግ ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረገው። ዲሲ ግን በዚያው በ2019 የራሷን ቅጣት ጀመረች። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የላቸውም፤ ድልድዩን ስትሻገር ሕጉ ተቀየረብህ። ግን ዲሲ ያልኖርክባቸው ወራት አይቆጠሩም። ገቢው ዝቅ ያለም ነፃ ይወጣል፤ የኡበር ገቢ ደግሞ የመኪናው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው። ይሄን ሳታይ እንዳትፈርም።

ነርስ ነኝ፦
"ማንን አስቸግሬ" ያልከው አልተዋጠልኝም። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ትርፍ አንጀት ይዞት በሌሊት የመጣን ልጅ ኢንሹራንስ የለህም ብለን አንመልሰውም፤ ከ1986 ጀምሮ ሕጉም አይፈቅድም። መክፈል ሲያቅተው ወጪው ሌላው ላይ ይዞራል። እድር ሳይገባ ከርሞ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን አምጡልኝ የሚል ሰው አገር ቤት ምን ይባላል? ጤነኛ የሆንክበት ጊዜ ነው መክፈያህ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ እድሩን ተቀብዬሻለሁ። ግን የእድሩን ደንብ የማያውቅ የለም፤ እዚህ ሰው የሚቀጣው ወረቀቱ ሳይገባው ነው። ኃላፊነትህን ተወጣ መባሉ ዛሬ አልተጀመረም፤ በ1996 ክሊንተን የፈረመው የዌልፌር (የድጎማ) ሕግ ስሙ ራሱ "የግል ኃላፊነት" ይላል። አሁን ደግሞ በ2025 በወጣው ሕግ ብዙ የሜዲኬይድ ተጠቃሚ ከ2027 መግቢያ ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ማሳየት አለበት። ሥራውን አልጠላም፤ ሆቴል ክፍል ሳጸዳ ስንት ዓመቴ። ልጁ 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ወላጅ ነፃ ነው፣ የኔ ትንሹ 15 ሞልቶታል። እንግዳ ሲቀንስ ሰዓቴን ይቆርጡታል፣ ያኔስ? አርካንሳስ የምትባለው ግዛት በ2018 ይሄንኑ ሞክራ ከ18,000 በላይ ሰው ኢንሹራንሱን አጣ። መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን የሚያስመዘግቡት በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ ድረ ገጹ ደግሞ ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይዘጋ ነበር። እኔ ከሥራ የምገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የደመወዝ ወረቀቴን ከአሁኑ በፌስታል እያጠራቀምኩ ነው፤ እናንተም እንዳትጥሉ።

የሌሊት ሾፌር፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የኪራይ ውሌን ፈልጌ አገኘሁት፣ ዲሲ የገባሁት ሜይ ላይ ነው። ሰኞ ይዤለት እሄዳለሁ። ነርሷ ያልሽውም ገብቶኛል፣ እመዘገባለሁ። አሁን መሀል ላይ ይቀበሉኛል ወይስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መጠበቅ ነው?