አምስት ቤተሰብ ሆነን ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ አሮጌ ሻቶ (የድሮ የባላባት ትልቅ ቤት) ልንገዛ ነው፣ ምን እንጠይቅ?

የፓሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፓሪስ ዳር የምንኖር አምስት ቤተሰብ ነን፣ በእቁብ ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች፣ እና ክሩዝ በሚባለው የመሃል ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሻቶ ለሽያጭ ወጥቶ አየን፣ 14 ክፍል፣ 12 ሄክታር ግቢ ከነኩሬው፣ 490 ሺህ ዩሮ። ሰመር ላይ ልጆቹ ይቦርቁበታል፣ ለሰርግ እያከራየን ደግሞ ወጪውን እንችለዋለን ብለን ነው። ማስታወቂያው ፊት ለፊቱና ጣሪያው በቅርስነት የተመዘገበ ነው ይላል፣ ይሄ ይጠቅመናል ወይስ ጣጣ ነው? በማን ስም እንግዛ? ባለቤቴ ዛሬውኑ እንፈርም እያለ ነው።

ሊሞዥ ነኝ፦
እህቴ ባልሽን ያዥው ሃሃ። ለአሮጌ ቤት የኖቴር (የቤት ሽያጭ ውል የሚያጸድቀው የህግ ሰው) ወጪ የሚባለው ከ7 እስከ 8 በመቶ ይሆናል፣ አብዛኛው ግን ታክስ ነው፣ ስለዚህ ወደ 37 ሺህ ጨምሩበት። የራሳችሁን ኖቴር ያዙ፣ ከሻጩ ኖቴር ጋር ክፍያውን ይካፈሉታል እንጂ እናንተ ላይ አይጨምርም። ኮምፕሮሚ የሚባለውን የመጀመሪያ የሽያጭ ውል ፈርማችሁ 10 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መተው ይቻላል፣ ግን በኤስሴኢ (ሰዎች ቤት በጋራ ለመያዝ የሚያቋቁሙት ድርጅት) ስም ከገዛችሁ ይሄ መብት ላይኖራችሁ ይችላልና ከመፈረማችሁ በፊት ኖቴሩን ጠይቁት። ብድር ካለበት ደግሞ ባንኩ ከከለከለን ውሉ ይፈርሳል የሚል አንቀጽ ይግባ።

አናጢው፦
ጣሪያ ላይ ነው የምሰራው። ሰው ሻቶ ሲያይ ሳሎንና ደረጃ ፎቶ ያነሳል፣ እናንተ ባትሪ ይዛችሁ ጣሪያው ስር ውጡ፣ ያውም ዝናብ ባለበት ቀን። አርድዋዝ የሚሉት ጥቁር ድንጋይ ራሱ ብዙ ዘመን ይቆያል፣ ቀድሞ የሚበላው የያዘው ሚስማርና ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ቦታ ያለው ዚንክ ነው። ወለሉ ስር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር፣ ወይ ኩብ ኩብ ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት ካያችሁ ሜሩል የሚባል ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ጉድ ነው፣ ያኔ እግሬ አውጪኝ በሉ። ሴፕቲክ ታንኩንም አትርሱ፣ ደንቡን የማያሟላ ከሆነ ከገዛችሁ በ1 አመት ውስጥ የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ።

ቆይ ብዬ፦
ቅርሱ ሁለት ደረጃ አለው፣ ክላሴ ጠበቅ ያለው፣ አንስክሪ ቀለል ያለው፣ መነሻው የ1913 ህግ ነው። ቀለል ያለ ስል ግን በፈለጋችሁ ጊዜ መስኮት ትቀይራላችሁ ማለት አይደለም፣ ፈቃድ አለው፣ ፕላስቲኩን እርሱት። ጥቅሙ የጥገና ወጪ ከገቢ ታክስ ላይ ሊቀነስ ይችላል፣ ግን 15 አመት ላለመሸጥ መስማማት አለባችሁ፣ ዘመዳሞች ላልሆኑ ኤስሴኢ አባላት ደግሞ ጠበቅ ይላል። ኤስሴኢ እቁብ አይደለም፣ ድርጅቱ እዳውን ካልከፈለ እያንዳንዳችሁ በድርሻችሁ ከኪሳችሁ ትጠየቃላችሁ። ያለ ድርጅት በአምስታችሁ ስም ቢሆን ደግሞ አንዱ ተነስቶ ድርሻዬን ስጡኝ ሲል ህጉ ከሱ ጋር ነው። ሰርጉም ቢሆን ህዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሚሆን የእሳት አደጋ ደንብ አለው፣ መውጫ በር፣ አላርም፣ ምናምን፣ እሱን ሳትጨርሱ ቀን እንዳትሰጡ። 12 ሄክታሩን ማን ነው የሚያጭደው ግን?

የፓሪሷ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ዝናብ ነበር፣ ሄድን። ግቢው እንዴት እንደሚያምር አልነግራችሁም፣ ኩሬው ዳር ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ አለ። ጣሪያው ስር ስወጣ ግን ስምንት ባልዲ ቆጠርኩ፣ ሶስቱ ግማሽ ድረስ ሞልተዋል፣ ሻጩ "የድሮ ናቸው" አለኝ። ባሌ እስካሁን ስለ ዛፉ ነው የሚያወራው። አናጢው፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ እስቲ፣ ሁለተኛ ስንሄድ አብረኸን ትመጣለህ?