ያነበብኩትን ሁሉ ከረሳሁት ማንበቤ ምን ይጠቅመኛል?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፤ ላለፉት ስድስት ዓመታት መጽሐፍ ሳልገልጥ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ባለፈው እሑድ ታናሽ እኅቴ ስለ ጅማው ንጉሥ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር እንድነግራት ስትጠይቀኝ፣ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዳቆዩ ከመናገር በቀር ያን ሁሉ ገጽ ያነበበ ሰው የሚለው ነገር አጣሁ። እርሷ ስቃ ቡናዋን መቁላት ቀጠለች፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም አልባ ድምፆችን በቃሉ እያጠና ራሱን ሲፈትን፣ አብዛኛው መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚደርስ፣ የተረሳው ዳግመኛ ሲጠና ግን ከፊተኛው ባነሰ ጊዜ እንደሚያዝ አሳይቷል። ይህን በራሴም ያየሁ ይመስለኛል፤ ስለ ጊቤ መንግሥታት (ጅማን ጨምሮ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ስለነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት) ሌላ መጽሐፍ ስጀምር ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የሚሉት ስሞች እንግዳ አልሆኑብኝም፣ የንግዱና የግብሩ ነገርም ቶሎ ገባኝ። እንግዲያስ ጠፋ ያልኩት ከቶ አልጠፋም ማለት ነው?

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። በደብተር ማስታወሻ መያዝ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ መጽሐፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ የንባቡም ጣዕም ጠፋ (ደብተሩንም እስከ ዛሬ መልሼ አልገለጥኩትም)። ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ፦ አዲስ መጽሐፍ ከመጀመር ይልቅ የቀድሞውን ደግሜ ላንብብ፣ ወይስ ምዕራፉን እንደጨረስኩ መጽሐፉን ዘግቼ ያስታወስኩትን ለእኅቴ በቃል ልንገራት?