የስኳር ሕመም ዓይናቸውን የጎዳው አባቴ ሕክምናቸውን አቋርጠዋል፤ ከየት ልጀምር?

የደሴዋ ልጅ፦
አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የስኳር ሕመም ከታወቀባቸው 14 ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ዓመት ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ ደም መፍሰሱ ተነግሯቸው የሌዘር ጨረር ሕክምና ተደረገላቸው፤ ዓይን ውስጥ የሚሰጠውንም መርፌ ሁለት ጊዜ ወሰዱ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ ካቃታቸው ወዲህ የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ከሰው ርቀዋል፤ ሌሊትም አይተኙም። ሦስተኛውን ቀጠሮ ቀሩ፤ ኢንሱሊናቸውንም አንዳንድ ቀን «ምን ሊረባኝ» እያሉ ይተዉታል። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀን ግን በነጭ ግድግዳ ላይ ጥልፍ፣ አንዳንዴም የማያውቋቸውን ሕፃናት እንደሚያዩ ለእናቴ በምስጢር መንገራቸው ነው። ዘመድ ጠበል ውሰዷቸው ይላል፤ እኔ አእምሯቸው ተነክቶ እንዳይሆን ፈርቻለሁ።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
እኅቴ፣ ከግድግዳው ልጀምር። ዓይን ብዙ የማየት አቅም ሲያጣ አንጎል የጎደለውን ምስል ከራሱ አውጥቶ ሊሞላው ይችላል፤ ይህም ቻርልስ ቦኔ ሲንድረም ይባላል። ስያሜው የተገኘው አያቱ ያዩ የነበረውን ነገር በ1760 በጽሑፍ ካሰፈረው የስዊዘርላንድ ሊቅ ነው። ምስሎቹ ድምፅ የላቸውም፤ የሚያያቸውም ሰው እውነተኛ አለመሆናቸውን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። እብድ እንዳይባሉ ፈርተው ለዓመታት የሚደብቁ ሰዎች አሉ፤ አባትዎ ለእናትዎ መናገራቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የስኳር መጠን መውረድ፣ ኢንፌክሽን ወይም መድኃኒትም ተመሳሳይ ነገር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ሳያያቸው በዚህ ስም አይደምድሙ፤ ድምፅ የሚሰሙ ወይም የሚቀባዥሩ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።

ስለ ቀጠሮው፣ ብዙ ሕሙማን የሚያቋርጡት ሌዘር የጠፋውን ብርሃን ይመልሳል ብለው ጠብቀው ሳይሆን ሲቀር ነው። የሌዘር ሥራ በዋናነት የቀረውን ማዳን ነው፤ የመርፌው ኃይል ደግሞ ከሳምንታት በኋላ እየደከመ ስለሚሄድ ይደጋገማል። ይህንን አስቀድሞ በግልጽ አለመንገራችን የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው።

አንድ ዓይና ሹፌር፦
ልጄ፣ እኔም በዚሁ በሽታ አንዱን ዓይኔን አጥቼ መሪ መጨበጥ ካቆምኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አባትሽ በሲሪንጁ ላይ ያሉትን መስመሮች ማየት ይችላሉ? እኔ ማየት ሲያቅተኝ ለልጆቼ መናገር አፍሬ፣ አንድ ቀን በግምት እወጋ፣ ሌላ ቀን ስኳሬ ወርዶ እንዳልወድቅ ሰግቼ እተወው ነበር። ቤተሰቡ «ተስፋ ቆርጧል» አለ፤ እውነትም ቆርጬ ነበር፣ ግን ግማሹ ነገር መስመሩ አለመታየቱ ነበር። ዛሬ ልጄ እየቀዳች ትሰጠኛለች።

ሌላው ደግሞ ማዕዱ ነው። እጄ ወደ እንጀራው በሄደ ቁጥር የሁሉም ዓይን ይከተለኝ ነበርና፣ ብቻዬን መብላትን መረጥኩ። በቅንነት ያደረጉት ቢሆንም ከሕመሙ ይልቅ ያደከመኝ እሱ ነው።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦
የሹፌሩን ጥያቄ ሳይጠይቁ አይለፉት። ድባቴ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ይታያል። ክፋቱ ደግሞ ድባቴው መርፌውን ያስረሳል፣ ከፍ ያለው ስኳር ዓይንን ይጎዳል፣ የዓይን መድከም መልሶ ድባቴውን ያብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኑ ይዳን፣ ኋላ ሐዘኑ ይታያል ማለት አያዋጣም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው።

በእርጋታ ለብቻቸው ሲሆኑ «መሞትን ተመኝተው ያውቃሉ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቋቸው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባቸውም። አዎ ካሉ ኢንሱሊኑን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ብቻቸውንም ሳይተዋቸው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። የድባቴ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ከሆነ የስኳርና የዓይን ሕመማቸውን ለሚያዝላቸው ሐኪም ይንገሩት፤ ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን ክብደት ሊጨምር፣ የዓይን ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይም ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ጠበሉን በተመለከተ ከዘመድ ጋር አይጣሉ። ለአባትዎ ማጽናኛ ከሆናቸው ይሂዱ፤ ነገር ግን ኢንሱሊኑና ምግቡ አብሮ ይሂድ፣ በባዶ ሆድም አይዋሉ።

የደሴዋ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሲሪንጁን ሰጥቻቸው መስመሩን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው፤ ብዙ ቆይተው «ልጄ፣ ከፋሲካ ወዲህ በጣቴ ነው የምለካው» አሉኝ። ስለ ሞትም ጠየቅኳቸው፤ አልተመኙም፣ ሸክም መሆንን ነው የፈሩት። ሕፃናቱ ከዓይናቸው መድከም የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ስነግራቸው ግን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። የፊታችን ማክሰኞ ዓይን ክፍል እንሄዳለን። ሹፌሩ አባቴ፣ እኔ ጠዋት ሥራ ስለምገባ ልጅዎ የምትቀዳልዎ በየቀኑ ነው ወይስ አስቀድማ?