የአማርኛ ጽሑፍ ሲገባበት የሚበላሽ የድረ ገጽ ንድፍ፤ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦ የጀጎሏ ዲዛይነር (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁም። በጀጎል ውስጥ በአንድ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ለተከፈተ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ንድፉን ፊግማ በተባለው የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጨርሼ ለባለቤቷ ባሳየኋቸው ጊዜ ሁለታችንም ወደነው ነበር፤ አማርኛውን ባስገባሁ ማግስት ግን የማላውቀው ገጽ ሆነብኝ። አንቀጾቹ ቀዳዳ የሌለው የድንጋይ ካብ መስለዋል። በእንግሊዝኛው በትልልቅ ሆሄያት የጻፍኳቸው የምናሌ (የገጹ ክፍሎች መምረጫ) ቃላት በአማርኛ ከተራው ጽሑፍ አይለዩም። ባለቤቷ በስልካቸው ሲከፍቱትም ፎቶግራፎቹ እስኪመጡ ድረስ አንድ ስኒ ቡና ጠጥተው እንደሚጨርሱ ነግረውኛል።

ቀለሙን የወሰድኩት ከራሱ ከቤቱ ነው። የወለሉንና የመደቦቹን ቀይ አፈር ለዳራ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች ያገኘሁትን ብርቱካናማ ደግሞ ለጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ለእኔ ያምራል፤ እርሳቸው ግን መነጽር አድርገውም ለማንበብ ተቸግረዋል። ገጹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ መነበብ ስላለበት፣ ከየት ልጀምር? በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎችን ብትጠቁሙኝም ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከከዚራ (ድሬዳዋ)

እኅቴ፣ ያስቸገረዎት ንድፉን በእንግሊዝኛ ጨርሰው አማርኛውን በመጨረሻ ማስገባትዎ ይመስለኛል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን ደንበኛዬ ትክክለኛውን የአማርኛ ጽሑፍ ሳይሰጠኝ ፊግማን አልከፍትም።

መጀመሪያ የመስመሩን ርቀት ይመልከቱ። ከላቲን ንዑሳን ሆሄያት አንዳንዶቹ አንገታቸውን ወደ ላይ፣ አንዳንዶቹ ጭራቸውን ወደ ታች ስለሚያወጡና የቀሩት አጫጭር ስለሆኑ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ክፍተቱ በራሱ ይፈጠራል። የግእዝ ፊደል ግን የአብዛኛው ቁመት ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፤ ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው የፊደሉ መጠን 1.4 እጥፍ ርቀት ለአማርኛ ያንሳል። እኔ ከ1.7 አልወርድም። የፊደሉንም መጠን በስልክ ላይ ከ17 ፒክሰል በታች አላደርገውም፤ ቡን ከቢ የሚለየው በቀኝ እግሩ ወገብ ወይም ግርጌ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ስለሆነች፣ ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷ ትጠፋና አንባቢው ቃሉን በግምት ያነበዋል።

ምናሌውን በተመለከተ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው ሁሉንም ወደ ትልቅ የሚቀይረው የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ትእዛዝ በአማርኛ ላይ ምንም አይሠራም። ልዩነቱን በውፍረት፣ በመጠንና በክፍት ቦታ ይፍጠሩት። ማዝመምንም (ኢታሊክ) ይተዉት፤ ብራውዘሩ (ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም) ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ወደ ጎን ከመግፋት በቀር ሌላ አያውቅም። አንቀጹን በሁለቱም ዳር እኩል ማድረግም ለስልክ አይሆንም። የብራና ጸሐፊዎች ቃሉን የትም ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግሩት ስለነበር ዓምዳቸው ያምርላቸው ነበር፤ እኛ ግን ቃሉን ሳንቆርጥ እንደ «እንዲያስመዘግቡልን» ያለውን ረጅም ግስ በጠባብ ስክሪን ላይ ስናሰፍር በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ጉድጓድ ይቀራል። በግራ ብቻ ያስተካክሉት።

ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሉን የአጣጣል ዓይነት፣ ሳይጠቅሱ ከተዉት እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ይመርጣል፤ ዊንዶውስ ኒያላን ወይም ኢብሪማን፣ የአፕል ኮምፒውተር ከፋን ሊያመጣ ስለሚችል ያንኑ ገጽ ሦስት ሰው በሦስት መልክ ያየዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የሚገኙ ናቸው። አቢሲኒካ ለረጅም ንባብ ውብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ውፍረት ብቻ ስላለው ለርእስ ደማቅ ሲያደርጉት ብራውዘሩ በራሱ ያወፍረዋል፣ የውስጡም ክፍት ቦታ ይደፈናል። ለርእስና ለምናሌ ብዙ ውፍረቶች ያሉትን ኖቶን ይጠቀሙ።

ሌላው ደግሞ ባለቤቷ የድሮ ብሮሹር ጽሑፍ ከሰጡዎት በምን እንደተተየበ ያረጋግጡ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ማተሚያ ቤቶች የግእዙን ፊደል በላቲን ሆሄያት ኮድ ላይ ባስቀመጡት በቀድሞዎቹ ፎንቶች መተየባቸውን አልተዉም ነበር። አንድ ጊዜ ሃያ ገጽ የሆቴል ጽሑፍ ተቀብዬ ገጹ ላይ ስለጥፈው በሙሉ የላቲን ሆሄና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ስለወጣብኝ፣ ሁለት ቀን ተቀምጬ እንደገና ተይቤዋለሁ።

መልስ፦ ፎቶና ኮድ (ሐረር)

ከላይ ስለ መስመር ርቀትና ስለ ምናሌ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ስለ ፎንቱ ግን ጥቂት እለያለሁ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ዋና ክፍሉ ብቻ ከ350 በላይ ምልክቶች ስላሉት የፎንቱ ፋይል ከላቲኑ ይከብዳል። የዚህ ማረፊያ እንግዶች ገጹን የሚከፍቱት በአብዛኛው ከመንገድ ላይ፣ በሞባይል ዳታ ነው፤ የአንድሮይድ ስልኮችም ኖቶ ኢትዮፒክን በውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ እርሱኑ ድጋሚ ማስወረድ ዳታ ማባከን ነው። እኔ ብሆን ለአንቀጹ በስልኩ ውስጥ ያለውን አስቀድሜ፣ ለርእሱ ብቻ አንድ ውፍረት ዎፍ 2 በተባለው የተጨመቀ ቅርጽ አስገባለሁ፤ ፎንቱ እስኪደርስም ጽሑፉ በሌላ ፊደል እንዲታይ አዛለሁ። ባዶ ገጽ የሚያይ ሰው አይጠብቅም።

ፎቶግራፎቹ ከካሜራ እንደወጡ የገቡ ይመስለኛል። 4000 ፒክሰል ስፋት ያለውን ምስል በአንድ መዳፍ ስክሪን ላይ ማሳየት በኩንታል የታዘዘ ጤፍ በሳህን እንደማቅረብ ነው። ስኩሽ የሚባለው የጉግል መሣሪያ ብራውዘር ውስጥ ይሠራል፤ ስፋቱን ወደ 1200 ፒክሰል ዝቅ አድርገው ዌብፒ ወደተባለው ቀለል ያለ የምስል ቅርጽ ይቀይሩት። የእያንዳንዱን ምስል ስፋትና ቁመት ኮዱ ላይ ይጻፉ፤ ካልተጻፈ ምስሉ ሲመጣ ጽሑፉን ገፍቶ የአንባቢውን ቦታ ያሳጣዋል። ከስክሪኑ በታች ያሉት ሲደረስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ያድርጉ፤ ከላይ ያለውን ትልቁን ምስል ግን እንዲህ አያድርጉት፣ ይብሱን ይዘገያል። ከዚያ ክሮም ውስጥ ባለው ላይትሃውስ በተባለው መለኪያ የገጹን ፍጥነት ይለኩት፤ የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ከታየ ጥሩ ነው ይባላል።

ስለ ቀለሙ ባለቤቷ ትክክል ናቸው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መስፈርት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 የሆነ ንጽጽር (በጽሑፉና በዳራው መካከል ያለ የብርሃን ልዩነት) ይጠይቃል። ንጹሑ ቀይ በነጭ ላይ እንኳ 4 ለ1 ገደማ ስለሆነ አያልፍም፤ ብርቱካናማ በቀይ አፈር ላይ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ መሆኑ አይቀርም። ዌብኤይም የተባለው የተደራሽነት ድርጅት በድረ ገጹ የሚያቀርበው የንጽጽር መለኪያ ሁለቱን ቀለሞች ሲያስገቡለት ቁጥሩን ወዲያውኑ ይነግርዎታል። ቀዩን አፈር ከላይ ባለው ሰፊ ቅብ ያስቀምጡትና ንባቡን በክሬም ዳራ ላይ በጥቁር ቡናማ ያድርጉት። በእውነተኛውም ቤት ቢሆን ቀዩ ወለሉና መደቡ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ነው።

መልስ፦ የሦስት ቋንቋ ተርጓሚ (ድሬዳዋ)

ዲዛይነር አይደለሁም፤ ነገር ግን የተረጎምኳቸው ጽሑፎች ገጹ ላይ ተቆርጠው ሲታዩ ዘወትር የምበሳጭ ሰው ነኝ። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ አናባቢውንና ጥብቀቱን ሁሉ በሆሄ ስለሚጽፍ፣ አማርኛ በአራት ፊደል የሚለውን ኦሮምኛ በአሥር ሆሄ ሊለው ይችላል። የቁልፉን ስፋት በአማርኛው ቃል ልክ ከወሰኑት ኦሮምኛው ይፈሳል፤ ስለዚህ ቁልፉ ከቃሉ ጋር እንዲሰፋ ያድርጉ። የቋንቋ መምረጫው ላይ ባንዲራ አያስቀምጡ፤ የእያንዳንዱን ቋንቋ ስም ተናጋሪዎቹ በሚጽፉበት ፊደል ይጻፉት። በኮዱም ውስጥ የእያንዳንዱን ገጽ ቋንቋ ማወጅ አይርሱ፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብላቸው መሣሪያ የሚመራው በእርሱ ነው።

ሰዓቱንም ይጠንቀቁ። አማርኛው ላይ «ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብለው ያንኑ ቁጥር ወደ እንግሊዝኛው ከገለበጡት ፈረንጁ ቁርሱን በሌሊት ይጠብቃል። በተጨማሪም የከተማዋን ስም አንዱ ሐረር፣ ሌላው ሀረር ብሎ ስለሚጽፍ፣ መፈለጊያ ሣጥን ካለዎት ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ያድርጉት። ይህን የሚያደርግ ገጽ እስካሁን ያጋጠመኝ ጥቂት ነው።

ጠያቂ፦ የጀጎሏ ዲዛይነር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአንቀጹን ፊደል 18 ፒክሰል፣ ርቀቱን 1.7 አደረግሁት፤ ፎንቱን በተመለከተ የሁለታችሁንም ወስጄ ለርእስ ብቻ ኖቶን አስገባሁ። ፎቶግራፎቹ እያንዳንዳቸው ከ4 ሜጋባይት ወደ 150 ኪሎባይት ገደማ ወርደዋል። ባለቤቷ አሁን ያነቡታል፤ ነገር ግን ፊደሉ ስለተለቀ ገጹ ረዝሟል፣ ስልክ ቁጥራችን ከታች ተቀብሯል ብለው ቅሬታ አቅርበዋል። ፊደሉን መልሼ ላሳንሰው?

መልስ፦ ከከዚራ (ድሬዳዋ)

አያሳንሱት። ቁጥሩን ከገጹ ግርጌ አውጥተው ሲነኩት በቀጥታ የሚደውል ቁልፍ ያድርጉትና ገጹ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲንቀሳቀስ ከስክሪኑ ሥር ተጣብቆ ይቆይ። ቁመቱ ከ48 ፒክሰል አይነስ፤ የአንቀጹ የመጨረሻ መስመር ከቁልፉ ሥር እንዳይደበቅም ከገጹ ግርጌ ያንኑ ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ።