ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ለመቅረጽ፦ ሌንስ ላስቀድም ወይስ ማይክሮፎን?

የሠርግ ካሜራ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ በመቅረጽ የምተዳደር ሰው ነኝ። የጥር ሠርግ ሳይጀምር፣ በኅዳር ወር ባሌ ሄጄ ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን መቅረጽ እፈልጋለሁ። በእጄ ያለው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ካሜራ፣ 24–70 ሌንስና ሙሽሮች ደረት ላይ የምሰካው ሽቦ አልባ ማይክሮፎን ነው። ወንድሜ በቅርቡ ከዱባይ ስለሚመጣ 200–600 የሚባለውን ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ላስመጣው አስቤያለሁ። እርሱን ከገዛሁ ግን ለድምፅ ሳንቲም አይተርፈኝም። የካሜራው የራሱ ማይክሮፎን ያንሳል? ድሮንስ ያምጣልኝ?

የድምፅ ሰው፦
ያንሳል፤ በጣም ያንሳል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ከጅብራ በቀር ቀና ያለ ነገር የማይታይበት ሜዳ ነው። ነፋሱን የሚመልስ የለም። በካሜራው ማይክሮፎን ከቀረጽክ ከነፋሱ ጩኸት በቀር የሚተርፍህ የሌንሱ ሞተርና የጓንትህ ኮሽታ ነው።

እኔ ብሆን 70–300 እገዛለሁ። ካሜራውን የምስሉን መሃል ብቻ ቆርጦ ወደሚወስደው ኤፒኤስ-ሲ ስትቀይረው 300ው የ450 ያህል ያቀርብልሃል፣ አሁንም በ4ኬ ይቀርጻል። ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ 200–600ው ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ቀበሮው ምስሉን ባይሞላው አትዘን። ፊቱን ብቻ አቅርቦ ማሳየት የትም መካነ አራዊት ይቻላል፤ ለእኔ ቀበሮው ከነጅብራው ሲታይ ነው ሳነቴ የሚሆነው።

በተረፈው ገንዘብ ዙም ኤች1 ኢሴንሺያልን የመሰለ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ አስመጣ። በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀርጽ የድምፅ መጠን እያስተካከልክ አትቸገርም። ጸጉራም የነፋስ መከላከያውን ሳይገዛ እንዳይመጣ ለወንድምህ ንገረው፤ ስፖንጁን ያ ነፋስ አይቆጥረውም።

ብዙ ሰው ረጅሙ ማይክሮፎን እንደ ሌንስ ሩቁን የሚያቀርብ ይመስለዋል። የጎኑን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ አያቀርብም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ መቅረጫውን ፍልፈል ትኩስ አፈር ባወጣበት አካባቢ፣ መሬት ላይ፣ ሣር ተገን አድርገህ አስቀምጠውና ሂድ። መሬት አጠገብ ነፋስ ይደክማል። ምስሉን ከሌላ ቦታ ቅረጽና ቤትህ ስትገባ አጋባቸው፤ ማጋባት እንደሆነ የለመድከው ሥራ ነው።

የጎባ ልጅ፦
የድምፅ ሰው ስለ መኪናው ሳይነግርህ አለፈ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቀበሮዎቹ መኪና ለምደዋል። ከእግረኛ ግን ይርቃሉ። ስለዚህ ስትቀርጽ አትውረድ። ሞተሩን አጥፋ፣ አለዚያ ንዝረቱ ምስሉ ላይ ይታያል። ከጎባ ገበያ ሽምብራ ገዝተህ ትንሽ ከረጢት ሙላና መስኮቱ ላይ አድርገህ ሌንሱን አስደግፍበት። ለመኪና ውስጥ ከትራይፖድ ይሻላል፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ትቆላዋለህ።

የሌሊት መሣሪያ አያስፈልግህም። አይጦቹና ፍልፈሎቹ ፀሐይ ሲሞቃቸው ስለሚወጡ ቀበሮውም የሚያድነው በቀን ነው። ችግሩ ረፋዱ ላይ ነው፦ መሬቱ ሲሞቅ በረጅም ሌንስ የሚታይ ሩቅ ነገር ሁሉ ይርገበገባል። ያንን የሚያስተካክል ሌንስ በዱባይም የለም፤ መቅረብ ብቻ ነው። በ600 ላይ ልብህ የተንጠለጠለ ከሆነ ይህን አስበህ ግዛ።

የሠርግ ካሜራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 600ውን ትቻለሁ። የድሮኑ ነገር ግን ሳይመለስ ቀረ፤ ባትሪስ?

የድምፅ ሰው፦
ድሮኑን እርሳው። ያለ ፈቃድ ከመጣ ከጉምሩክ አያልፍም፤ ፈቃድ ቢኖርህ እንኳ እንስሳቱን የሚያስደነግጥ ነገር ሳነቴ ላይ ባይነሣ እመርጣለሁ። የቀረጻ ፈቃዱን ሳትነሣ ጨርስ፤ ስለ እርሱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አስቀድመህ ጠይቅ።

በኅዳር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል የካሜራ ባትሪዎቹን ብርድ ልብስህ ውስጥ ይዘህ ተኛ። ለመቅረጫው ተራውን ሳይሆን የሊቲየም ትንንሽ ድንጋዮችን ግዛ፣ ብርድ ይችላሉ። ወንድምህ ተጨማሪ የካሜራ ባትሪ የሚያመጣ ከሆነ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ በጭነት ሻንጣ አይፈቀድም። ጫፋቸውንም በፕላስተር ይሸፍንልህ።