ግሪስ ትራፓችንን በየወሩ እያጸዳን ቧንቧው የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ባለምግብ ቤቷ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ምግብ ቤት ከከፈትሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የተቀመጠ፣ ከብረት የተሠራና 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ ግሪስ ትራፕ (ከፍሳሹ ውስጥ ቅባቱን የሚያስቀር ሣጥን) አለን። በየወሩ መጨረሻ ክዳኑን አንሥተን ከላይ የተጋገረውን ቅባት በጭልፋ እየቀዳን እናወጣለን፤ ሠራተኞቼም ማታ ሥራ ሲያበቃ አንድ ትልቅ ድስት የፈላ ውኃ ከላርጎ ጋር ይደፉበታል። ይህን ሁሉ እያደረግን ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት ጊዜ ተዘግቶብናል። የሚዘጋው ግን ትራፑ ራሱ ሳይሆን ከእርሱ ወጥቶ ወደ ግቢው ማንሆል የሚሄደው የፒቪሲ ቧንቧ ነው። ባለሙያው በመጨረሻ ከቧንቧው ያወጣው ነገር እንደ ሻማ የጠነከረ ነጭ ቅባት ነበር። ቅባቱን የሚይዝ ዕቃ ተቀምጦለት ሳለ እንዴት አልፎ ሄደ? አንድ ባለሱቅ ኮስቲክ ሶዳ እንድጨምርበት መክሮኛል፤ ከመግዛቴ በፊት ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ ብዬ ነው።

የቧንቧ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ እባክዎ ኮስቲክ ሶዳውን አይግዙ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ፈላው ውኃ ልናገር።

ግሪስ ትራፕ ቅባትን የሚያጠፋ ዕቃ አይደለም፤ የሚያደርገው ውኃውን ለጥቂት ጊዜ አረጋግቶ ማቆየት ብቻ ነው። ቅባት ከውኃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ የምግብ ትርፍራፊው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ መካከል ላይ የሚቀረው ንጹሕ ውኃ ደግሞ በመውጫው ቧንቧ ይሄዳል። ይህ እንዲሆን ውኃው መቀዝቀዝና መርጋት አለበት። የበግና የበሬ ሞራ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ ማታ የሚደፋው የፈላ ውኃ አንድ ቀን ሙሉ የተጠራቀመውን ቅባት አቅልጦ፣ ላርጎው ደግሞ በጥቃቅኑ በትኖ ከውኃው ጋር አዋሕዶ ያሻግረዋል። ወደ ግቢው የሚሄደው ቧንቧ ከመሬት በታች ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ የቀለጠው ቅባት ሩቅ ሳይሄድ ተመልሶ ይረጋል። እዚህ ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምንል መዘጋቱ ይዘገይልናል እንጂ አይቀርልንም።

ኮስቲክ ሶዳም ሥራው ይኸው ነው፤ ቅባቱን ወደ ሳሙናነት ለውጦ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ሳሙናውም ታች ሄዶ ይደርቃል። ከዚህም በላይ ውኃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል፣ ዓይን ላይ ከተረጨ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ፍሳሹ ወደ ሴፕቲክ ታንክ የሚገባ ከሆነም በዚያ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

አሁን ሁለት ነገር ይመልከቱልኝ። በትራፑ ውስጥ መውጫው ላይ ወደ ታች የወረደች ቲ (በ«T» ቅርጽ የተሠራች የቧንቧ መገጣጠሚያ) ልትኖር ይገባል፤ አፏ ከቅባቱ ንብርብር በታች ስለሚከፈት የሚያልፈው የመካከሉ ውኃ ብቻ ነው። በጭልፋ ሲቀዳ ይህች ቲ እየተመታች የምትወልቅበትን ቤት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ከወለቀች ደግሞ ቅባቱ ያለ ከልካይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳዎቹን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ለክተው ይጻፉልኝ።

የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ (ኮምቦልቻ)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ «በየወሩ» የሚለው ልማድ ራሱ ስሕተት መሆኑን ነው። የማጽጃው ጊዜ የሚታወቀው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በመለኪያ ነው፤ የላዩ ቅባትና የታቹ ዝቃጭ ተደምረው ከጠቅላላው ጥልቀት አንድ አራተኛ ሲደርሱ መውጣት አለባቸው። የውኃው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር ቅባትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቃጭ ሲኖር ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። እኛ ጫፉ በማዕዘን የታጠፈ፣ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ የብረት ዘንግ አለን፤ ካወረድነው በኋላ ቀስ ብለን ስንስበው የታጠፈው ጫፍ የቅባቱን ሥር ሲነካ እጅ ላይ ይታወቃል፣ እስከ ወለሉ ስናወርደው ደግሞ የዝቃጩ ውፍረት ይገኛል። እርስዎ የሚቀዱት የላዩን ብቻ ስለሆነ፣ የእንጀራው ፍርፋሪና የቡናው አተላ አራት ዓመት ሙሉ ታች እየተከመረ ቦታ ወስዶ ሊሆን ይችላል።

የእኛ ወጥ ቤት በፍስክ ወራት በየሳምንቱ ያስፈልገዋል። በዐቢይ ጾም ሥጋና ቅቤ ቢቀርም ዘይቱ ይበዛል፤ ፓልም ዘይት በብርድ እንደሚረጋ ጄሪካኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በረመዳን ደግሞ ለኢፍጣር ሳምቡሳ በብዛት ስለሚጠበስ ዘንጉን በየሦስት ቀኑ እናወርዳለን።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልን ግን ትራፑ ሳይሆን ከትራፑ በፊት ያለው ሥራ ነው። ሳህንና ድስት ውኃ ከመንካቱ በፊት በላስቲክ መፋቂያ ወደ ባልዲ ይፋቃል፣ የጥብስ ምጣድ በወረቀት ይጠረጋል፣ በየገንዳው ቀዳዳ ላይ ወንፊት አለ፣ የጥብስ ዘይት ደግሞ ቀዝቅዞ ወደ ጄሪካን ይገባል እንጂ ጠብታውም ወደ ገንዳ አይፈስም። ሠራተኞቹን ይህን ለማስለመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ የደከምሁበትን ያህል አግኝቼበታለሁ።

የአካባቢ ጤና ባለሙያ (ደሴ)

ስለ ደኅንነቱ ብቻ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ ሲዘነጋ ሰው ይሞታል። ቅባትና ምግብ አየር በሌለበት ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ግቢ ውስጥ የተቆፈረ የሲሚንቶ ትራፕ ያላችሁ ማንንም ሰው ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ ከውጭ በመምጠጫ መኪና ይጸዳ። አንድ ሰው ወድቆ ብታዩ እንኳ ተከትላችሁ አትግቡ።

የወጣውን ቅባት ከሰጋቱራ ወይም ከአመድ ጋር ለውሳችሁ፣ በድርብ ከረጢት አስራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ። ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ የተደፋው በቦርከና አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከታች ያሉት ሰዎችም እንደ እኛ ውኃ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የጣሪያና የግቢ ዝናብ ወደ ትራፑ እንዳይገባም ተጠንቀቁ፣ የሐምሌ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣዋልና።

ባለምግብ ቤቷ (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ከፈትነው። ቲዋ ወልቃ ከታች ወድቃ አገኘናት፤ ዝቃጩም ብቻውን 14 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ገንዳዎቹ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 50 በ40፣ ጥልቀታቸው 30 ሴንቲ ሜትር ነው።

የቧንቧ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

እንግዲህ አንዱ ገንዳ 60 ሊትር ይይዛል። ሁለቱ እስከ ሦስት አራተኛ ሞልተው አብረው ቢለቀቁ 90 ሊትር ውኃ 60 ሊትር ብቻ በሚይዝ ዕቃ ላይ ይወርድበታል፣ ቅባቱ ሳይንሳፈፍ ከነሁከቱ ይወጣል። ተለቅ ያለ ትራፕ እስኪገዙ ድረስ ገንዳዎቹን በየተራ፣ ቡሹንም በከፊል ብቻ ነቅለው ይልቀቁ። ቲዋን መልሰው ሲገጥሙ ለጽዳት እንድትፈታ አድርገው እንጂ በማጣበቂያ አያጣብቋት። ትራፑን ካጸዱ በኋላም ሥራ ከመጀመሩ በፊት እስከ መውጫው ድረስ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይሙሉት፤ ባዶውን ከተዉት ሽታው ወደ ወጥ ቤቱ ይመለሳል፣ የመጀመሪያው የቅባት ውኃም ሳይለይ ያልፋል።